ከኮምቦልቻ ለሚነሳ መንገደኛ የትኛው ማይል ያዋጣል?

አየር መንገድ በበረራችሁ ልክ የሚቆጥርላችሁ፣ ሲጠራቀም ትኬት የሚወሰድበት ነጥብ ማይል ይባላል። ደሴ ውስጥ ስለ ማይል የሚያወራ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ዱባይና ቻይና የሚመላለስ ነጋዴ ነው፤ ወይ ለበዓል ከውጭ የመጣ ዘመድ ነው። የቀረነው "ትኬት በነጻ ይሰጣሉ አሉ" ብለን እናልፋለን። የአባልነት ቁጥር እያለው ለማንም ሳይናገር ዓመት ሙሉ የሚበር ሰውም ሞልቷል።

ይህ ጽሑፍ ምርጫ ለቸገረው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገዱ ሼባ ማይልስ ይሻላል ወይስ የዓረብ አየር መንገዶቹ? ውጭ ያለው ልጅ የትኛው ላይ ይመዝገብ? የሆቴሉስ ነጥብ? የባንኩስ ካርድ? ሁሉንም እናያቸዋለን፤ እኩል ጊዜ ግን አልሰጣቸውም። አንዳንዱ በሁለት መስመር የሚያልቅ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በመመላለስ ብቻ ማይል አይጠራቀምም። በአየር ያለው ርቀት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ማይል ሲቀየር 157 አካባቢ ይሆናል። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኤርፖርት ለመድረስ የሚከፈለው የታክሲ ሂሳብ ራሱ ከማይሉ ዋጋ ሳይበልጥ አይቀርም። ቋቱን የሚሞላው የውጭው ጉዞ ነው። ስለዚህ ራሳችሁን መጠየቅ ያለባችሁ ከአዲስ አበባ ወዲያ በማን እንደምትበሩ፣ ትኬቱንም ማን እንደሚገዛላችሁ ነው። ፕሮግራሙን የሚመርጥላችሁ ይኸው ነው።

ማይል እንዴት ይቆጠራል?

ነገሩ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው አሜሪካ ውስጥ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1981 ፕሮግራሙን ሲጀምር ሌሎቹም ተከተሉት። አሠራሩ ባጭሩ ይህን ይመስላል። የበረራው ርቀት ይያዛል፤ ከዚያ በትኬቱ መደብ ይባዛል። አንዳንድ አየር መንገዶች ደግሞ ርቀቱን ትተው የተከፈለውን ገንዘብ ይቆጥራሉ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው መደቡ ላይ ነው። ኢኮኖሚ ሁሉ አንድ አይደለም። ትኬታችሁ ላይ መደቡን የምትገልጽ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል አለች። በርካሽ የተገዛው ፊደል የርቀቱን ግማሽ ወይም ሩብ ብቻ ሊያስገኝ ይችላል፤ ጭራሽ ምንም የማይሰጥም አለ። ጎን ለጎን ተቀምጠው ያንኑ ምግብ የበሉ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ 1,500 ማይል ሌላው 400 ማይል ይዘው ሊወርዱ ይችላሉ። ትኬት ቆራጩን "ይቺ ፊደል ስንት በመቶ ትሰጣለች?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። እሱ ካላወቀ የአየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ በሰንጠረዥ ተቀምጧል።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ፣ ማይሉ ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው። አንዱ ትኬት የሚወሰድበት የሽልማት ማይል ነው። ሌላው ደረጃችሁን ከፍ የሚያደርገው ነው፤ እሱ አይበላም፣ አይመነዘርም፣ በየጊዜው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አንድ በረራ ሁለቱንም ያስገኛል። በግዢ ወይም በባንክ ካርድ የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሽልማቱን ብቻ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ጅዳ 877 ማይል ያህል ነው። ዱባይ 1,565፣ ጓንዡ 5,000፣ ዋሽንግተን 7,200 ገደማ። ሁለት ዓመት ጅዳ ሠርታ ለምትመለስ ልጅ ደርሶ መልሱ 1,750 ማይል አካባቢ ነው፤ ያውም ትኬቷ ሙሉ ማይል የሚሰጥ ከሆነ። በዚህ ብቻ ነጻ ትኬት አይገኝም። በዓመት ሁለቴ ጓንዡ የሚሄድ የፒያሳ ነጋዴ ግን በሙሉ መደብ 20,000 ይዞ ይመለሳል፤ በግማሹም ቢሆን 10,000። ሁለቱን አንድ ዓይነት ምክር መምከር አይቻልም።

ሼባ ማይልስ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፕሮግራም ነው። ለእኛ ትልቁ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ኮምቦልቻ ድረስ በመደበኛ በረራ የሚያመጣን እሱ ብቻ ነው። ከጓንዡ ወይም ከዱባይ እስከ ኮምቦልቻ በአንድ ትኬት ከተቆረጠ፣ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ የሀገር ውስጡ ቢያመልጣችሁ የሚቀጥለው ላይ የሚያስገባችሁ አየር መንገዱ ነው። በሌላ አየር መንገድ ቦሌ ድረስ መጥታችሁ የኮምቦልቻውን ለብቻው ከገዛችሁ ግን ኪሳራው የእናንተ ነው። በተጨማሪም አየር መንገዱ ከውጭ በራሱ በረራ ለገባ ሰው የሀገር ውስጡን ትኬት በቅናሽ ሲሸጥ ቆይቷል። ስትገዙ ጠይቁ።

ሁለተኛው ጥቅም ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ማኅበር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማኅበሩን የተቀላቀለው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2011 ነው። ስለዚህ በሉፍታንዛ፣ በተርኪሽ፣ በኢጅፕትኤር ወይም በዩናይትድ ስትበሩ የሼባ ማይልስ ቁጥራችሁን ብትሰጡ ማይሉ እዚህ ይገባል። በተቃራኒው ደግሞ የተጠራቀመውን ማይል እነሱ ጋር ማውጣት ይቻላል።

ደረጃዎቹ ብሉ፣ ሲልቨር፣ ጎልድና ፕላቲኒየም ናቸው። ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከብሉ ነው፤ ብሉ ላይ ከማይሉ በቀር ይሄ ነው የሚባል ነገር የለም። ወሬው ያለው ጎልድ ላይ ነው። የስታር አሊያንስ ጎልድ የያዘ ሰው የማረፊያ ሳሎን ይገባል፣ ቀድሞ ይሳፈራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደ መስመሩ 20 ኪሎ ወይም አንድ ሻንጣ በተጨማሪ ይዞ ይሄዳል።

እዚህች ላይ ትንሽ ልቆይ። ለነጋዴ ዋናው ነገር ነጻ ትኬቱ አይመስለኝም። ኪሎው ነው። ጓንዡ ውስጥ ከመመለሻው ቀን በፊት ባለው ማታ የነጋዴ ሆቴል ክፍል ምን እንደሚመስል ያየ ይፈርዳል። ሻንጣው አልጋ ላይ ተዘርግቷል። መንጠቆ ያላት ትንሿ የእጅ ሚዛን ትወጣለች። ሻንጣው ተንጠልጥሎ 24 ከምናምን ይላል። ጫማው ከካርቶኑ ይወጣል፣ ካልሲው ጫማው ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ጃኬቱ ይለበሳል። እንደገና ይመዘናል። ያም ሆኖ ጠዋት ኤርፖርት ላይ ለትርፍ ኪሎ ይከፈላል። በዓመት ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርግ ሰው በየጉዞው አንድ ተጨማሪ ሻንጣ ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚተርፈው እሱው ያስላው። ስለዚህ ነጋዴ ከሆናችሁ ዓይናችሁን ደረጃው ላይ ጣሉ። ለደረጃው ስትሉም በየጉዞው በርካሽ ያገኛችሁትን አየር መንገድ እያቀያየራችሁ ማይሉን አትበትኑት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።

ድክመቱስ? የሽልማት ማይሉ በ3 ዓመት ይቃጠላል። አልፎ አልፎ ለሚበር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የዛሬውን ከነገው ጋር እየደመራችሁ ወደ ትኬት ስትጠጉ የድሮው ከኋላ እየረገፈ ይሄዳል። የጅዳዋ ልጅ ችግርም ይኸው ነው።

የዓረቦቹ፦ ስካይዋርድስ፣ ፕሪቪሌጅ ክለብና አልፉርሳን

ወሎ ውስጥ ዓረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ የኤምሬትስ፣ የኳታርና የሳዑዲያ ፕሮግራሞች እኛን በቀጥታ ይመለከቱናል። ሦስቱም አየር መንገዶች አዲስ አበባ ይመጣሉ። ኮምቦልቻ ግን አንዳቸውም አይመጡም።

የኤምሬትሱ ስካይዋርድስ ነው። ኤምሬትስ ከሦስቱ ትልልቅ የአየር መንገዶች ማኅበራት በአንዱም የለበትም፤ ብቻውን ነው የቆመው። ፍላይዱባይ ግን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በዚሁ ፕሮግራም ይሠራል፤ ስለዚህ በርካሹ በረራ የመጣም ማይሉን እዚያው ይይዛል። ዱባይ ለሚኖር ሰው ጥሩ ጎን አለው፤ በረራ ሳይኖር ሱቅና ምግብ ቤት በመገበያየትም ነጥብ ይገኛል። ደሴ ለሚኖር ሰው ይህ መንገድ አይሠራም።

የኳታሩ ፕሪቪሌጅ ክለብ ነው። ኳታር እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ዋንወርልድ የሚባለው የአየር መንገዶች ማኅበር አባል ነው። ነጥቡን ከ2022 ወዲህ አቪዮስ ይለዋል፤ ብሪቲሽ ኤርዌይስ የሚጠቀምበትም ይኸው ነጥብ ስለሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል። ለንደን ወንድም ዶሃ እህት ላለው ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አቪዮስ የሚቃጠለው ሒሳቡ ለ36 ወራት ምንም ካልተነካ ነው። አልፎ አልፎ ትንሽ ነገር ከገባበት ይቆያል። በዚህ በኩል አልፎ አልፎ ለሚበር ሰው ከሼባ ማይልስ የሚሻል ይመስለኛል።

የሳዑዲያው አልፉርሳን ነው። ሳዑዲያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ስካይቲም በሚባለው ማኅበር ውስጥ አለ፤ ኬንያ ኤርዌይስም እዚያው ነው። ጅዳና ሪያድ ለሚሠሩ በጣም ቅርቡ ይህ ነው። ለሐጅና ለዑምራ የሚሄዱ ግን አንድ ነገር ይወቁ፤ በቡድን የተገዛና የቻርተር ትኬት ብዙ ጊዜ ማይል አያስገኝም። ለመመዝገብ ብላችሁ አትድከሙ፤ ትኬታችሁን መጀመሪያ አጣሩ።

ኤምሬትስና ኳታር የቤተሰብን ማይል በአንድ ቋት መሰብሰብ ይፈቅዳሉ። ለየብቻ ምንም የማያደርግ የሦስት እህትማማቾች ነጥብ አንድ ላይ ሲሆን እናትን ማምጫ ሊሆን ይችላል። እኔ ብመርጥ፣ ሦስቱም እዚያው የሚኖሩ ከሆነ ያለ ጥርጥር የሚኖሩበትን አገር አየር መንገድ እመርጥላቸዋለሁ። ኑሮዋ ደሴ ሆኖ በዓመት አንዴ ዱባይ ሄዳ ለምትመጣ ባለሱቅ ግን ሼባ ማይልስ ይሻላታል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ትኬቱን አሠሪ ወይም ኤጀንሲ ቢገዛውም ማይሉ የተሳፋሪው ነው። የድርጅት ሠራተኛም፣ ለስልጠና የሚላክ የዩኒቨርሲቲ መምህርም ያው ነው። ቁጥሩን መስጠት ብቻ ነው። ትኬት ሲቆረጥ ካልተሰጠም ኤርፖርት ላይ ሻንጣ ሲመዘን መስጠት ይቻላል።

አሜሪካና አውሮፓ ያሉት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አማራጭ አለ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረረ ሁሉ የግድ ሼባ ማይልስ መያዝ የለበትም። ስታር አሊያንስ ውስጥ ስላለ፣ ዋሽንግተን ያለው ወንድማችሁ ለዚያው በረራ የዩናይትድን ቁጥር መስጠት ይችላል። የዩናይትድ ማይል እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አይቃጠልም። በሦስትና በአራት ዓመት አንዴ አገሩን ለሚጎበኝ ሰው ይህ ወሳኝ ነው፤ ሼባ ላይ የገባው ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት ሊቃጠል ይችላል፣ ዩናይትድ ላይ የገባው ይጠብቀዋል። በዚያ ላይ አሜሪካ ውስጥ የባንክ ካርዱ በየቀኑ ይጨምርለታል።

በየዓመቱ የሚመጣ ከሆነስ? ያኔ ሼባ ማይልስ ይሻላል እላለሁ፤ ደረጃውም ማይሉም የሚጠቅመው በሚበርበት አየር መንገድ ላይ ነው። አንድ በረራ ግን አንድ ሒሳብ ላይ ብቻ ነው የሚገባው። ሁለቱም ጋ ማስገባት አይቻልም።

የሆቴል ነጥብ፣ የባንክ ካርድና አውቶቡስ

የሆቴል ነጥብ ለደሴ ሰው የሚሠራው አዲስ አበባ ሲያድር ነው። ሒልተን፣ ሸራተን፣ ሃያት ሪጀንሲና ራዲሰን ብሉ እያንዳንዳቸው የዓለም አቀፍ ፕሮግራም አካል ናቸው። በአበል የሚያድር የድርጅት ሠራተኛ ካልሆናችሁ በራሳችሁ ገንዘብ ለነጥብ ብላችሁ እዚያ አትደሩ። ያደራችሁ እንደሆነም ክፍሉን ከሆቴሉ በቀጥታ ያዙ፤ በሌላ ድረ ገጽ የተያዘ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ነጥብ የለውም።

የባንክ ካርድ ካላችሁ ማይል ይሰጥ እንደሆነ ቅርንጫፉን ጠይቁ። የሚሰጥ ከሆነ ዓመታዊ ክፍያውንና ለአንድ ማይል ስንት ብር ማውጣት እንዳለባችሁ አብራችሁ ጠይቁ። ከዚያ ማስላት ነው።

አውቶቡስ የአየር መንገድ ማይል አያስገኝም። በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን፣ ቀኑን ሙሉ እንደሚፈጅም ሁላችን እናውቃለን። ግን የአውሮፕላንና የአውቶቡሱ ዋጋ ልዩነት ከሚገኘው ማይል ዋጋ ጋር የሚቀራረብ አይደለም። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ለጊዜያችሁና ለወገባችሁ ብላችሁ ሂዱ። ለማይል ብላችሁ አትሂዱ።

ማውጣት ሲመጣ

በማይል የተወሰደ ትኬት ሙሉ በሙሉ ነጻ አይደለም። ግብርና የኤርፖርት ክፍያ በገንዘብ ይከፈላል፤ አንዳንዱ አየር መንገድ የነዳጅ ጭማሪም ይጠይቃል። ስለዚህ ከመውሰዳችሁ በፊት ይህችን ሒሳብ ሥሩ። ትኬቱ በገንዘብ ስንት ነው? ከዚያ ላይ የምትከፍሉትን ግብር ቀንሱ። የቀረውን ለሚጠየቀው ማይል አካፍሉ።

በምናብ ቁጥር እንሞክረው። የዱባይ ትኬት በገንዘብ 60,000 ብር ነው እንበል። በማይል ደግሞ 30,000 ማይልና 15,000 ብር ተጠየቃችሁ። ያተረፋችሁት 45,000 ብር ነው፤ አንዷ ማይል 1 ብር ከ50 አወጣች። አሁን የኮምቦልቻውን እንይ። ትኬቱ 8,000 ብር፣ በማይል 10,000 ማይልና 1,000 ብር ቢሆን አንዷ ማይል 70 ሳንቲም ብቻ ነች። ቁጥሩ ይለያያል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው። የሀገር ውስጡ ትኬት በገንዘብ ርካሽ ስለሆነ ማይል እዚያ ላይ ማጥፋት ብዙውን ጊዜ አያዋጣም። ማይሉ ሊቃጠል ወር የቀረው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሳይበላ ከሚቀር ኮምቦልቻም ቢሆን ይውሰዳችሁ።

በማይል የሚሰጠው ወንበር ቁጥሩ ውስን ነው። ረመዳን ሲያልቅ፣ ለዐረፋ፣ ለገና ዘመዱ ሁሉ ሲመጣ ወንበሩ ቀድሞ ያልቃል። በኮምቦልቻው መስመር ደግሞ መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚሄደው ምእመን በደሴ በኩል ስለሚያልፍ ያን ሰሞን ወንበር አጥታችሁ አትናደዱ። ትኬቱ በገንዘብ የሚወደደው ያኔ ስለሆነ ማይሉም ዋጋ የሚያወጣው ያኔ ነው፤ ቀድሞ ለያዘ ሰው።

ስም

ምርጫችሁ የትኛውም ይሁን፣ ስማችሁ ካልገጠመ ማይሉ አይገባም። ይህ ደሴ ላይ ከሌላው አገር ይብሳል። መሐመድን በእንግሊዝኛ አንዱ በአንድ ኤም፣ ሌላው በሁለት ኤም፣ ሦስተኛው በኦ ፋንታ በዩ ይጽፈዋል። ሰይድም እንዲሁ ነው። መታወቂያው ላይ አንድ፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ፣ ኤጀንሲው የሞላው ፎርም ላይ ሦስተኛ ሆኖ ይገኛል። ስትመዘገቡ ፓስፖርቱን ከፊታችሁ አድርጋችሁ ፊደል በፊደል ቅዱ። የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተሉንም ፓስፖርቱ እንዳስቀመጠው አስቀምጡ። ፓስፖርት አድሳችሁ ፊደሉ ከተቀየረም ሒሳቡን አስተካክሉ። ከዚያ አብሽሩ።

ማይል እንሸጣለን የሚሉ

ቴሌግራም ላይ "ትኬት በግማሽ ዋጋ" የሚሉ አሉ። አንዳንዶቹ የሌላ ሰው ማይል ተጠቅመው ነው የሚቆርጡት። ማይልን ከሰው ለሰው መሸጥና መግዛት የፕሮግራሞቹ ደንብ የሚከለክለው ነገር ነው፤ አየር መንገዱ ከነቃ ትኬቱን ይሰርዛል፣ ሒሳቡንም ይዘጋል። ኤርፖርት ሻንጣ ይዞ የሚቀረው ገዢው ነው። በራሳችሁ ማይል ለዘመድ ትኬት መቁረጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ይፈቀዳል።

በመጨረሻ፣ ከበረራ በኋላ ሒሳባችሁን እዩ። ማይሉ በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ ካልገባ ይጠየቃል፤ የመጠየቂያው ጊዜ ግን ገደብ አለው። ለመጠየቅ የትኬት ቁጥሩና የመሳፈሪያ ወረቀቱ ያስፈልጋሉ። ወረቀቱን እስኪገባ ድረስ አትጣሉት፤ ቢቻል በዚያው ቀን በስልክ ፎቶ አንሱት። ብዙውን ጊዜ በሙቀት ማተሚያ ስለሚታተም ቦርሳ ውስጥ ከቆየ ጽሑፉ ይደበዝዛል።